የልጅነታችን ዘፋኝ ሲሞት የምናዝነው ለማን ነው?

አንድ የልጆች ዘፋኝ አረፈ ሲባል የሚሆነው ነገር ሁልጊዜ ይመሳሰላል። ጎልማሶች፣ የልጆች እናቶች፣ የልጅ ልጅ ያዩ ሰዎች ሳይቀሩ ፎቶውን ይለጥፋሉ። ሁለት ስንኝ ይጽፋሉ። "ልጅነቴ አብሮ ሄደ" ይላሉ። ወዲያው ደግሞ ሌላ ድምፅ ይነሳል፦ "በአካል አግኝታችሁት ለማታውቁት ሰው ይህ ሁሉ ለቅሶ ምንድን ነው? ዘፈኑ እንደሆነ አልሞተ፤ ከፍታችሁ ስሙት።"

ይህ ሁለተኛው አስተያየት ቅዝቃዜ ያለበት ይምሰል እንጂ የሚናቅ አይደለም። አሜሪካዊቷ የልጆች ዘፋኝ ኤላ ጄንኪንስ በኖቬምበር 9 ቀን 2024 በ100 ዓመቷ አረፈች (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የመጀመሪያ አልበሟ የወጣው በ1957 ነበር። ያኔ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ እሷ ስታርፍ 72 ዓመቱ ነው። የ72 ዓመት ሰው በአምስት ዓመቱ ላጨበጨበበት ዘፈን ዓይኑ እንባ የሚያቀርረው ለምንድን ነው?

"ናፍቆት ነዋ" ብሎ ማለፍ ይቻላል። ግን ናፍቆት የሚለው ቃል ብቻውን ብዙ አያስረዳም። ነገሩ የአንጎል አሠራር አለበት። የቴሌቪዥንና የሸክላ ጠባይ አለበት። ከሁሉም በላይ ግን፣ ብዙ ጊዜ የሚረሳ አንድ ሰው አለበት፦ ዘፋኙ ሲዘፍን አጠገባችን የነበረው ሰው።

ዘፈኑ ይቀራል፣ ቀኑ ይጠፋል

አብዛኛው አዋቂ ወደኋላ ሄዶ የሚያስታውሰው የመጀመሪያ ነገር ሦስት ዓመት ወይም ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ሳለ የሆነ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ጨለማ ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ይህን "የልጅነት መርሳት" ይሉታል። ስሙን ያስለመደው ሲግመንድ ፍሮይድ ነው።

ግን ልብ በሉ። የጠፋው ክስተቱ ነው እንጂ የተማርነው አይደለም። ማን እጃችንን ይዞ ዳዴ እንዳስባለን አናስታውስም። መራመዱን ግን አልረሳንም። ትውስታ አንድ ጎተራ ብቻ የለውም። አንዱ "መቼ፣ የት፣ ከማን ጋር" የሚለውን የሚይዝ ነው። ይህ ሂፖካምፐስ ከሚባል የአንጎል ክፍል ጋር የተሳሰረ ነው፤ በጨቅላነት ደግሞ ይህ ክፍል ገና በመሠራት ላይ ነው። ሌላው እጅና አፍ የሚያውቁት ትውስታ ነው። ልምድ ልንለው እንችላለን።

የልጆች ዘፈን የሚገባው በዚህ በሁለተኛው በር ነው። የጣት ጨዋታ ያለበት ዘፈን አንድ ጎልማሳ ፊት ጀምሩ። ቃሉን ከማግኘቱ በፊት እጁ ይነሳል። አውራ ጣቱ ይታጠፋል። ሌባ ጣቱ ይከተላል። አፉ ትንሽ ዘግይቶ ይደርስበታል፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው ይወርደዋል። "የት ተማርከው?" ቢሉት መልስ የለውም። ሁልጊዜ የሚያውቀው ይመስለዋል።

እንዲያውም ትምህርቱ ከመወለድ በፊት ሊጀምር ይችላል። በ2013 የፊንላንድ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት አለ። ነፍሰ ጡር እናቶች በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት አንድ የታወቀ የልጆች ዜማ ቤታቸው ደጋግመው ያጫውታሉ። ልጆቹ እንደተወለዱና እንደገና በአራት ወራቸው ዜማው ሲሰማቸው አንጎላቸው የሰጠው ምላሽ፣ ጭራሽ ካልሰሙት ሕፃናት የጠነከረ ሆኖ ተገኘ። አራት ወር ለሕፃን ዕድሜ ልክ ነው።

ድግግሞሹም አለ። ልጅ "ድገመው" ይላል። አዋቂ በሦስተኛው ዙር ይሰለቻል፣ ልጅ በሠላሳኛው ይስቃል። የሚያስቀው ቀጥሎ የሚመጣውን ማወቁ ነው። ገና ምንም በማያዝበት ዓለም ውስጥ የሚመጣውን ቀድሞ ያወቀበት አንድ ቦታ አገኘ ማለት ነው። ቤት የሚመታ ስንኝ ደግሞ ሌላ ቃል ሾልኮ እንዲገባ አይፈቅድም። ስለዚህ ሳይሸራረፍ ስድሳ ዓመት ይቀመጣል።

እንግዲህ የሚቀረን ይህ ነው። ዘፈኑ አለ፤ የተማርንበት ቀን የለም። ፎቶ ካልተነሳን በስተቀር ከዚያ ዘመን በራሳችን ውስጥ ይዘን የቀረነው ሌላ ነገር ጥቂት ነው። ዘፋኙ ሲሞት የሚነካው ይህ ጥቂቱ ነገር ነው።

የማያውቀን ወዳጅ

በ1956፣ ቴሌቪዥን ገና አዲስ ነገር ሳለ፣ ዶናልድ ሆርተንና ሪቻርድ ዎል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ምሁራን አንድ ነገር አስተዋሉ። ተመልካቹ አቅራቢውን እንደ ወዳጁ ያየዋል። አቅራቢው ግን ተመልካቹ በዓለም ላይ መኖሩንም አያውቅም። ይህን የአንድ ወገን ቀረቤታ "ፓራሶሻል" ብለው ጠሩት። ከእውነተኛ ዝምድና ጎን የቆመ፣ እሱን የሚመስል እንደማለት ነው።

ሁለቱ ሰዎች የጻፉት በዋናነት ስለ አዋቂዎች ነው። ልጅ ላይ ሲሆን ግን ነገሩ ይበረታል። ትንሽ ልጅ ስክሪኑ ውስጥ ያለው ሰው እንደማይሰማው ገና በደንብ አልገባውም። "እንዴት ናችሁ?" ሲባል ይመልሳል። እጅ ሲውለበለብለት እሱም ያውለበልባል።

የልጆች ቴሌቪዥን አቅራቢ የነበረውን የፍሬድ ሮጀርስን ፕሮግራም ማየት ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ፕሮግራሙ በአሜሪካ ከ1968 እስከ 2001 የዘለቀ ነው፤ ሮጀርስ ዘፈኖቹን ራሱ ይጽፍ ነበር። አጀማመሩ ሁልጊዜ አንድ ነው። በር ከፍቶ እየዘፈነ ይገባል። ኮቱን አውልቆ ቁም ሳጥን ውስጥ ይሰቅላል። ሹራቡን ይለብስና ዚፑን ይስባል። ቁጭ ብሎ የቆዳ ጫማውን ያወልቃል። ጫማውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው ወርወር ያደርገዋል። ከዚያ ሸራ ጫማውን ያስራል። አይቸኩልም፤ ዘፈኑንም አያቋርጥም። ለአዋቂ ይህ ምንም ነገር የሌለበት ትዕይንት ነው። ለአራት ዓመት ልጅ ግን አባት ወይም እናት ከሥራ ሲገቡ የሚሆነው ነገር ነው። ሰው ቤት ገባ። አሁን ጊዜ አለው። ጊዜው ደግሞ የኔ ነው።

ሮጀርስ ካሜራውን ትክ ብሎ እያየ የሚያወራው ለብዙ ልጆች አይመስልም ነበር። ለአንድ ልጅ ነው። ጠይቆ መልሱን የሚሰማ ይመስል ዝም ይላል። ብዙዎች ከዓመታት በኋላ "እኔን ነበር የሚያናግረኝ" የሚሉት ከምንም ተነስተው አይደለም። ሆን ተብሎ፣ በብዙ ጥንቃቄ የተሠራ ነገር ነው።

የስም ጉዳይም አለ። ተስፋዬ ሳህሉን በባዶ ስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ "አባባ ተስፋዬ" ናቸው። በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ሲያወሩ አርባ ዓመት አልፏቸዋል። በ2017 ሲያርፉ የአርባና የሃምሳ ዓመት ሰው "አባባ" እያለ ነው ያዘነው። ዝምድናው ስሙ ውስጥ ገብቶ ቁጭ ብሏል። ሮጀርስ ተመልካቹን "ጎረቤቴ" ይል ነበር። ካናዳዊው የልጆች ዘፋኝ ራፊ ደግሞ በመጀመሪያ ስሙ ብቻ ነው የሚታወቀው፣ ልክ እንደ አብሮ አደግ። አባት፣ ጎረቤት፣ አብሮ አደግ። ልጅ ከነዚህ ውጪ ሰው አያውቅም።

አውራጅና ተቀባይ

ኤላ ጄንኪንስ መደበኛ የሙዚቃ ትምህርት አልተማረችም። ቺካጎ ስታድግ ሰፈሯ ውስጥ በሰማችው ነው የጀመረችው። በዚያ በ1957 የመጀመሪያ አልበሟ የተጠቀመችበት ስልት እኛ አውራጅና ተቀባይ የምንለው ነው። አንዱ ያወርዳል፣ ሌላው ይቀበላል። አንድ ስንኝ ትጥላለች። ከዚያ ቦታ ትለቃለች። ቦታውን ልጁ ይሞላዋል።

ቀላል ይመስላል። ግን በልጆች ሙዚቃ ውስጥ ያለውን ትልቁን ልዩነት ያመጣው ይህ ክፍተት ይመስለኛል። ለልጆች የሚዘፈን ዘፈን ብዙ ነው። ልጁ ካልገባበት የማይሞላ ዘፈን ግን ሌላ ነገር ነው። ልጁ እዚያ ላይ አድማጭ ብቻ አይደለም፣ የቡድኑ አባል ነው። ስለዚህ ዘፋኙ ሲሞት የሚሰማው ስሜት አድናቂ ለዝነኛ ከሚሰማው ይለያል። አብሮ የዘፈነ ሰው ሲለይ እንደሚሰማው ያለ ነው። ተቀባዩ አለ፤ አውራጁ ሄደ።

አጠገባችን የነበረው ሰው

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ።

በ2016 ሳሙኤል መር፣ ሊ አን ሶንግና ኤሊዛቤት ስፔልኪ የተባሉ ተመራማሪዎች የአምስት ወር ሕፃናት ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ሕፃናቱ ቤታቸው ውስጥ አዲስ ዘፈን ይሰማሉ። ለአንዳንዶቹ የሚዘፍንላቸው ወላጅ ነው። ለሌሎቹ ዘፈኑ ከአሻንጉሊት ይወጣል። ለሦስተኛዎቹ አንድ ደግ ግን የማያውቁት ሰው መጀመሪያ በአካል፣ ከዚያ በቪዲዮ ይዘፍንላቸዋል። በመጨረሻ ሁለት እንግዳ ሰዎች ይቀርባሉ። አንዱ የለመዱትን ዜማ ይዘፍናል፣ ሌላው ያልለመዱትን።

ዜማውን ከወላጅ የሰሙት ሕፃናት ያንን ዜማ የዘፈነውን እንግዳ ረዘም ላለ ጊዜ አዩት። የቤታችንን ዘፈን ያውቃል፣ የኛ ሰው ነው እንደማለት። ከአሻንጉሊት ወይም ከማያውቁት ሰው የሰሙት ግን እንዲህ ያለ ምርጫ አላሳዩም። የሚገርመው፣ እነዚህኞቹም ዜማውን አልረሱትም። በአማካይ ከስምንት ወር በኋላ ሲፈተኑ አስታውሰውታል። ትውስታው አለ። ፍቅሩ ነው የሌለው።

ይህ ጥናት ስለ ዝነኛ ዘፋኞች አይደለም፤ ከአምስት ወር ሕፃን ተነስቶ ስለ ጎልማሳ ሀዘን ብዙ መደምደም አይገባም። ሆኖም የሚጠቁመው ነገር ትልቅ ነው። ዜማ ብቻውን ይታወሳል። የሚወደደው ግን አብሮ ከዘፈነ ሰው ጋር ነው። ከሬዲዮ የመጣውን ዘፈን እናት ልብስ እያጠፈች ደገመችው። ታላቅ ወንድም ቃሉን እያበላሸ አሾፈበት። አያት ዜማው ባይገባትም አጨበጨበች። ዘፋኙ የሰጠው ስንኙን ነው። ሙቀቱ የመጣው ከቤት ነው።

በ2013 ካሮል ክረምሃንስልና ጀስቲን ዙፕኒክ ያገኙትም ከዚህ ጋር ይሄዳል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ስለ ልዩ ልዩ ዘመናት ዘፈኖች ጠየቁ። ተማሪዎቹ የሚያውቁትና የሚነካቸው የራሳቸው ዘመን ሙዚቃ ብቻ ሆኖ አልተገኘም። ወላጆቻቸው ወጣት በነበሩበት ጊዜ የወጡ ዘፈኖችም ትዝታ ይቀሰቅሱባቸዋል። እነሱ ገና አልተወለዱም ነበር። ዘፈኑ በቤት በኩል ተሻግሮ መጥቷል።

ስለዚህ ለርዕሱ ጥያቄ የኔ መልስ ይህ ነው። ዘፋኙ ሲሞት ለዘፋኙ እናዝናለን። ግን ዘፋኙ ቁልፍ ነበር። የሚከፍተው ክፍል ውስጥ ያሉት የኛ ሰዎች ናቸው፤ አንዳንዶቹም ዛሬ የሉም። "ዘፈኑን ከፍታችሁ ስሙት" የሚለው ሰው ያልገባው እዚህ ላይ ነው። ዘፈኑን መክፈት ይቻላል። ልብስ የምታጥፈዋን እናት ግን ማንም አይከፍታትም።

"የታይታ ለቅሶ ነው" ለሚሉት

ተቃራኒው ክርክር ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ማኅበራዊ ሚዲያ ሀዘንን ውድድር አድርጎታል ይላል። ማን ቀድሞ ለጠፈ፣ ማን አምርሮ ጻፈ። ይህ እውነትነት አለው። አንዳንዱ ሀዘን አንድ ቀን ውሎ የሚያድረው ሌላ ሰው ላይ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ናፍቆት ሸቀጥ ሆኗል ይላል። ዘፋኙ ባረፈ ማግስት ሥራዎቹ አዲስ መጠቅለያ ተደርጎላቸው ይሸጣሉ። ይህም አይካድም።

ሆኖም ሁለቱም ስሜቱ ሐሰት መሆኑን አያረጋግጡም። በ1989 ኬኔት ዶካ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር ሰፊ ተቀባይነት ያገኘ ሐሳብ አቀረበ። ማኅበረሰቡ ዕውቅና የማይሰጠው ሀዘን አለ። ሐዘንተኛው ድንኳን አይተከልለትም፣ "እግዜር ያጽናህ" አይባልም፣ ከሥራ ፈቃድ አያገኝም። ግን አዝኗል። የልጅነት ዘፋኝን ማጣት ከዚህ ዓይነቱ ሀዘን ጋር ይመሳሰላል። ሰዎች ኢንተርኔት ላይ የሚሰበሰቡት ሌላ የለቅሶ ቤት ስለሌላቸው ነው ብሎ ማሰብ ይቻላል።

ናፍቆት ራሱም ስሙ ሲጠፋ ኖሯል። "ኖስታልጂያ" የሚለውን ቃል በ1688 የፈጠረው ዮሐንስ ሆፈር የተባለ የሕክምና ተማሪ ነው። የፈጠረው ለበሽታ ስም ነው፤ ከአገራቸው ርቀው በናፍቆት ለሚማቅቁ ስዊዘርላንዳውያን። ዛሬ ተመራማሪዎች አያያዛቸው ሌላ ነው። በእንግሊዝ ሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ያሉ የሥነ ልቦና ምሁራን ከ2006 ወዲህ ባወጧቸው ጥናቶች ናፍቆት ሰውን ከሰው ጋር የማስተሳሰር ስሜቱን ሲያጠነክር አግኝተዋል። አማርኛ ለዚህ ጥናት አልጠበቀም። ትዝታ ስንል ሐዘኑንም ጣዕሙንም በአንድ ቃል ይዘነዋል።

ዘፋኙ በደለኛ ሆኖ ሲገኝ

አንድ ከባድ ጉዳይ አለ። ሮልፍ ሃሪስ በእንግሊዝ ለአሥርት ዓመታት ልጆች የሚወዱት ዘፋኝና አቅራቢ ነበር። በ2014 በልጃገረዶች ላይ በፈጸመው ወሲባዊ ጥቃት ጥፋተኛ ተብሎ ታሰረ። በእሱ ዘፈን ያደገ ሰው ምን ያድርግ?

እዚህ ላይ ከላይ ያየነው ልዩነት ይጠቅማል። ዘፈኑ የገባበት በር ፍርድ ከሚሰጥበት በር የተለየ ነው። ሰውየውን ማውገዝ ይቻላል፤ ይገባልም። ስንኙ ግን ሳይጠሩት ሊመጣ ይችላል። ይህ ጥፋተኛውን መውደድ አይደለም። አብረው ያጨበጨቡት የቤት ሰዎች ንጹሕ ነበሩ። ለማስታወስ ግን የተበደሉትን መርሳት አያስፈልግም፤ እነሱም ልጅነት ነበራቸው።

የዛሬ ልጆች ማንን ያስታውሳሉ?

በዩቲዩብ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ 10 ቢሊዮን ጊዜ የታየው ቪዲዮ የልጆች ዘፈን ነው። የደቡብ ኮሪያው ፒንክፎንግ ያወጣው "ቤቢ ሻርክ" በጃንዋሪ 2022 እዚያ ደረሰ። ዜማውን የማያውቅ ወላጅ ጥቂት ነው። ማን እንደዘፈነው በስም የሚነግራችሁ ወላጅ ግን ፈልጋችሁ ታጣላችሁ። በካርቱን የሚሠሩት ትልልቅ የልጆች ቻናሎችም እንዲሁ ናቸው። ገጸ ባሕርዩ አያረጅም፣ አይታመምም፣ አይሞትም። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚለቀስለት ሰው አይኖርም።

ይህ ክስረት ነው ወይስ አይደለም? አንዳንዶች ምንም አልጎደለም ይላሉ። የሕዝብ የልጆች ዘፈን ድሮም ደራሲ አልነበረውም፤ ከአፍ ወደ አፍ ነው የመጣው። ቁም ነገሩ ዘፈኑ ነው። ይህ ክርክር ጥንካሬ አለው። ግን አንድ ነገር ይዘላል። ደራሲ የሌለው ዘፈን ሁልጊዜ ዘፋኝ ነበረው፤ እሱም ቤት ውስጥ ያለው ሰው ነው። ስልክ ለልጅ ሰጥቶ ዞር ማለት ግን ሁለቱንም በአንዴ ያሳጣል። ስክሪኑ ውስጥ ሰው የለም፣ አጠገብም ሰው የለም። ከላይ ባየነው ጥናት የአሻንጉሊቱን ቡድን የሚመስለው ይህ ነው። ዜማው ይቀራል፤ የሚወደድበት ምክንያት አይኖርም።

በሌላ በኩል ቴክኖሎጂውን ብቻ መክሰስ ስህተት ነው። "ሚስ ሬቸል" በሚል ስም የምትታወቀው ሬቸል አኩርሶ ሥራዋን በ2019 የጀመረችው ዩቲዩብ ላይ ነው። ፊቷን ወደ ካሜራው ታስጠጋለች፣ ቃሉን ቀስ ብላ ታወጣለች፣ ከዚያ ዝም ብላ ትጠብቃለች። ሮጀርስ ይጠብቀው የነበረውን፣ ጄንኪንስ ትለቀው የነበረውን ክፍተት ነው የምትጠብቀው። መድረኩ ተቀየረ እንጂ ስልቱ ያው ነው። በእሷ ያደጉ ልጆች አንድ ቀን ለሷም እንደዚሁ መጻፋቸው አይቀርም።

የንግዱ ነገር ሌላው ጥያቄ ነው። ራፊ የመጀመሪያውን የልጆች አልበሙን በ1976 አወጣ። ዘፈኖቹ ለልጆች ዕቃ ማስታወቂያ እንዲውሉ ግን ፈቃደኛ አልሆነም። ገንዘብ አጥቶበታል። ያተረፈው ደግሞ አለ። በእሱ ዘፈን ያደገ ሰው ሲያስታውሰው በመሃል የሚሸጥ ነገር አይመጣበትም። ልጅነቱን ሲያስብ የሚያገኘው ዘፈኑንና ቤቱን ብቻ ነው። ዛሬ የልጆች ዘፈን የሚያወጡ ሰዎች ይህን ቢያስቡበት እወዳለሁ። ስንኙ ስድሳ ዓመት የሚቀመጥ ከሆነ አብሮት የገባው ማስታወቂያም እንዲሁ ይቀመጣል።

ራፊ በእሱ ዘፈን ላደጉ አዋቂዎች ልዩ ስም አለው። በጣም በታወቀው የ1980 ዘፈኑ ውስጥ ባለችው ዓሣ ነባሪ ተሰይመው "የቤሉጋ ምሩቃን" ይባላሉ። ዛሬ ብዙዎቹ ወላጆች ናቸው። ዘፈኑን ለልጆቻቸው ያሰማሉ፤ የሚያስተምሯቸው ግን ራሳቸው ናቸው። በተሳሳተ ቅኝት፣ ግማሹን ቃል እየዘለሉ።

የኤላ ጄንኪንስ የመጀመሪያ አልበምም ዛሬ ይሰማል። አልበሙ ላይ ያለው የሷ ድምፅ ብቻ አይደለም። እሷ ታወርዳለች፣ ልጆች ይቀበሏታል። በ1957 የነበሩ ልጆች ናቸው። እሷ የለችም፤ እነሱም ካሉ አርጅተዋል። ሸክላው በዞረ ቁጥር ግን እሷ ስንኙን ጥላ ቦታ ትለቃለች፣ ትንንሾቹ ድምፆችም ገና ምንም ያልሆኑ ይመስል ተሻምተው ይገቡበታል።